በሌሊት የምታብበው ካክተስ በየካና በእንጦጦ ግርጌ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የአበባ ወዳጆች የመዝናኛ ጉዳይ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን አንድን ተክል ለይቶ ማወቅ የሰው ዐይን እስከማትረፍ የሚደርስ ቁም ነገር ስለሆነ፣ ከስሙ እጀምራለሁ።

«ካክተስ» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ «ቁልቋል» ይባላል። በየአጥሩና በየገደላገደሉ የምናውቀው የአገራችን ቁልቋል ግን ካክተስ አይደለም፤ ኤውፎርቢያ ከሚባለው ወገን ነው። የካክተስ ቤተሰብ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ሲሆን፣ በለስም ከዚያው የመጣ ነው። ከዚህ ሕግ ያፈነገጠ አንድ ብቻ አለ፤ እርሱም በዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያድገውና በአፍሪካም በተፈጥሮ የሚገኘው ሪፕሳሊስ ነው።

ሁለቱን ወገኖች መለየት አያስቸግርም። የቁልቋል እሾህ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ከጠርዙ ላይ ይበቅላል፤ የካክተስ እሾህ ግን ጥጥ ከመሰለች ትንሽ ትራስ ይወጣል። ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል፤ ዛሬ የምንነጋገርባት ካክተስ ግን እንዲህ ያለ ወተት የላትም። ይህ ወተት ዐይን ውስጥ ቢገባ ብርቱ ቁስለት ያስከትላል፤ ማየትንም ሊከለክል ይችላል። ስለዚህ «ካክተስ ነው፣ ምንም አያደርግም» ተብሎ አጥር እንዲከረክም የታዘዘ አትክልተኛ በስም ስሕተት የተነሣ ይጎዳል። አደጋው ከደረሰ ዐይኑን ሳይዘገዩ በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠቡ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

አሁን ወደ አበባዋ እንምጣ። ሳይንሳዊ መጠሪያዋ ኤፒፊሉም ኦክሲፔታሉም ነው። የመጣችውም ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ደኖች ነው። በልዩ ልዩ አገሮች «የሌሊት ንግሥት» ትባላለች፤ ችግሩም ይህንኑ ማዕረግ ሌሎችም መሻማታቸው ነው። ሴሌኒሴሬውስ ግራንዲፍሎሩስ፣ ሊኔዎስ እ.ኤ.አ. በ1753 ስም የሰጠው፣ ግንዱ እንደ ገመድ ቀጭን፣ ባለ ብዙ ሸንተረርና እሾሃም ነው። ድራጎን ፍሩት የሚሰጠው ደግሞ ወፍራምና ሦስት ማዕዘን ግንድ አለው። የእኛዪቱ ግን እሾህ የላትም፤ ቅጠል የሚመስለው ጠፍጣፋ አካሏም በእውነቱ ግንድ ነው። አበባው ከዚሁ ግንድ ጠርዝ፣ ከጎደጎደው ቦታ መውጣቱ ለዚህ ምስክር ነው። በቀን ተከፍቶ ለጥቂት ቀናት የሚቆየው ቀይ አበባ የሌላ ዝርያ ወይም የድቅል ነው፤ ቢያምርም ንግሥቲቱ አይደለም።

በየካ ሚካኤል፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም በኮተቤ ተክሉን ለሚያሳድግ ሰው ዋናው ጠላት ብርድ ነው። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሰማዩ በጠራበት የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ክብደት ስላለው በሸለቆው እየተንሸራተተ ወደ ታች ይወርዳል። ስለሆነም ወንዝ ዳር ያለ ጓሮ ከበላዩ ካለው ተዳፋት ይልቅ ሊበርድ ይችላል። ማሰሮውን ከሜዳ አንሥቶ ቀን ፀሐይ ባሞቀው ግድግዳ ሥር፣ በጣራው ክፈፍ ተከልሎ እንዲቀመጥ ማድረግ ይበጃል። የቀትር ፀሐይ ግን ግንዱን ያቃጥለዋል፤ የደን ልጅ ናትና የተጣራ ብርሃን ይበቃታል።

አፈሩ ውሃ የሚያሳልፍ ይሁን። የየካ ሸክላማ አፈር ብቻውን በክረምት ሥሯን ያበሰብሳል። በደንብ ከበሰበሰ ቅጠል ጋር የእሳተ ገሞራ ጠጠር መደባለቅ ያስፈልጋል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ ስለማይበሰብስ ለዚህ ሥራ አልመርጠውም። ማሰሮው እጅግ ሰፊ ባይሆን ይመረጣል፤ ፍግም ሲበዛ ግንዱ ይለመልማል እንጂ አበባው አይበዛም። ለማራባት ደኅና ግንድ ቆርጦ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ሳምንት ያህል በጥላ አቆይቶ መትከል ነው። ለአበባ ለመድረስ ሁለት ሦስት ዓመት መታገሥ ግድ ነው።

እንቡጥ ከታየ በኋላ ማሰሮውን ከቦታ ቦታ ማዛወር ወይም ውሃ ማስጠማት እንቡጡን ያረግፈዋል። አበባው ከጀምበር መጥለቅ በኋላ መከፈት ይጀምራል፤ እኩለ ሌሊት፣ ማለትም 6 ሰዓት ገደማ፣ ፈጽሞ ይፈነዳል፤ ጎሕ ሲቀድ ይጠወልጋል። ነጭነቱና ብርቱ መዓዛው በጨለማ የሚበሩትን የእሳት እራቶች ለመጥሪያ የተሠሩ ናቸው። ጎረቤት ሊጠራ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ቀጠሮውን ለማታ ያድርገው!

በስም ለሚጠራጠር የመጨረሻው ዳኛ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የዕፀዋት ቤተ መዘክር ነው። ናሙና የሚወስድ ሰው ግንዱን በቁመቱ ሰንጥቆ በጋዜጣ መካከል ይጫነው፤ ወፍራም ስለሆነ ወረቀቱን በየቀኑ ካልለወጠው ይሻግታል። አበባውን ግን ሌሊቱን፣ ሳይጠወልግ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶና ርዝመቱን ለክቶ መመዝገብ አለበት፤ የተገኘበትን ቀበሌና ቀንም በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።