ቀበሮው ቀና እስኪል



በመንዝ አናት፣ የጓሳ ሣር ምድሩን በሸፈነበት ውርጫም ሜዳ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ግልገሎቻቸውን አቅፈው ሣር ሲነጩ፣ በመካከላቸውም ቀይ ቀበሮ አንገቱን ደፍቶ በዝግታ ሲራመድ የሚያሳይ ፎቶግራፍ፣ ከሥሩ «አውሬው ግልገሎቹን ሊፈጅ ገባ» የሚል ቃል ተጽፎበት፣ በአንድ ተማሪ የእጅ ስልክ ላይ ደረሰ እንበል። ተማሪው ደንግጦ ለባልንጀራው፣ ባልንጀራውም ለሌላው ያስተላልፈዋል።

ሥዕሉ እውነተኛ ነው፤ ሐሰቱ ያለው በግርጌው ቃል ነው። በዚያው በመንዝ ጓሳ ቀበሮዎቹን በትዕግሥት ሲከታተሉ የቆዩ ተመራማሪዎች በ2007 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት እንዳስረዱት፣ ቀበሮው ከመንጋው መካከል የሚገባው አይጥ ሊያድን ነው፤ ብቻውን ሆኖ ከ100 ሙከራ 25 ያህሉ ሲሳካለት፣ በጭላዳዎቹ መካከል ግን 67 ያህሉ ይሳካለታል።

እንግዲህ ልጆቻችንን የምናስተምራቸው ወሬን ሁሉ መጠርጠር አይደለም፤ ሁሉን የሚያምንና ሁሉን የሚክድ ልቡና፣ ሁለቱም ከምርመራ ድካም የሚሸሹ ናቸውና። የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አጥፊውን ይቀጣ ይሆናል፤ የአንባቢውን ዓይነ ልቡና የሚያበራው ግን መምህር ነው።

ለዚህም ከአባቶቻችን የወረስነው ሥርዓት አለን። የመጻሕፍት መምህር «አንድም» እያለ ሲተረጕም፣ ደቀ መዝሙሩ በመጀመሪያው ፍች ብቻ እንዳይረካ ያስለምደዋል። በዜና ነገር ግን ተቃራኒ ፍቾች አብረው ጸንተው ሊኖሩ አይችሉምና፣ በቀድሞው ሙግታችን «ተጠየቅ» ተብሎ ባላጋራ እንደሚመረመር፣ እማኝም በዓይኑ ያየውን ከሰሚ ሰሚ ከሰማው እንዲለይ እንደሚጠየቅ፣ የስልኩም ወሬ እንዲሁ ይጠየቅ፦ ማን አየ? መቼና የት? ከዚህ ሥዕል በፊትና በኋላ ምን ሆነ? ይህን ቃል የጻፈውስ ምን ሊያተርፍ ነው?

መምህራን ሆይ፤ ያንን ፎቶግራፍ ያለ ግርጌ ቃል በተማሪዎቻችሁ ፊት አኑሩት፤ ያዩትን በአንድ ዓምድ፣ የገመቱትን በሌላው ያስፍሩ። ቀበሮ፣ ዝንጀሮ፣ ሣር፤ ይህ የታየው ነው። መፍጀት ግን የተገመተ እንጂ የታየ አለመሆኑን በገዛ እጃቸው ጽፈው ያገኙታል።

ያን ጊዜ፣ እነዚያ ተመራማሪዎች በጓሳ ብርድ እንዳደረጉት፣ ቀበሮው ቀና ሲል በአፉ የያዘው ምን እንደሆነ ሳያዩ መፍረድን ይፈራሉ።