ስልክ መነካካትና ስልክ ማወቅ

እናንተ የዛሬ ተመራቂዎች፣ የተመረቃችሁት በኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ስለሆነ የማነሣው ጉዳይ የራሳችሁ ነው። እንደ እኛ ባሉ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ስለ ወጣቱና ስለ ኢንተርኔት ሲወራ፣ «የዛሬ ልጅ ማን ይችለዋል፣ ስልኩን ከእኛ በላይ ያውቀዋል» ሲባል እንሰማለን። እኔ በዚህ አልስማማም። ስልክ መነካካትን ስልክ ከማወቅ ጋር አንድ አድርገን ቆጥረናል፤ ይህም ልጆቻችንን ከባድ ዋጋ እያስከፈላቸው ነው።

ማስረጃዬን ከሚያመው ልጀምር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 በምያንማር ከሚገኙ የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩ 260 ገደማ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በእነዚህ ካምፖች የሚፈለገው እንግሊዝኛ የሚችልና ኮምፒውተር ላይ መሥራት የሚችል ወጣት ነው። ታይላንድ ውስጥ ጥሩ ደመወዝ ያለው የኮምፒውተር ሥራ አለ ይባላል፤ የሚጠብቀው ግን የታጠቀ ጥበቃ ያለበት ግቢ ነው። በሐሰተኛ ስምና ፎቶግራፍ፣ ሌላ አገር ያለን ሰው እንደ ፍቅረኛ ወይም እንደ ባለሀብት እየቀረቡ እንዲያታልሉ ይገደዳሉ፤ እምቢ ያለ ይደበደባል። ሥራ አጥነት ያስጨነቀው ልጅ በተስፋ ቢሄድ አይፈረድበትም። ነገር ግን መነካካት የሚያድን ቢሆን ኖሮ እነዚህን ልጆች ባዳናቸው ነበር። ማስታወቂያውን ማን እንደለጠፈው ማጣራት፣ የድርጅቱ ድረ ገጽ መቼ እንደተከፈተ ማየት፣ ፎቶግራፉ ከየት እንደተቀዳ መፈለግ፣ ውሉን ይዞ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚማሩት ነገር ነው። ያስተማራቸው ግን የለም።

ወደ ቤታችን እንምጣ። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ከተጀመረ ወዲህ ገንዘባችን ስልካችን ውስጥ ገብቷል፤ አታላዩም ተከትሎት ገብቷል። «3,000 ብር ተልኮልዎታል» የሚል መልእክት ይመጣል፤ አጻጻፉ እውነተኛውን ቁርጥ ነው። ወዲያው ስልኩ ይጠራል፤ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ «እናቴ፣ በስሕተት ነው የላክሁት፣ የሕክምና ገንዘብ ነው፣ ይመልሱልኝ» ይላል። የሚያዝን ልብ ያላት እናት ከራሷ ገንዘብ ትልካለች። መልእክቱ የመጣው ከተራ የስልክ ቁጥር መሆኑን ልብ ያለ፣ ኮከብ 127 መሰላል ደውሎ ሂሳቡን ያየ ሰው ግን ምንም እንዳልገባ በግማሽ ደቂቃ ያውቃል። እዚህ ላይ ማወቅ የሚባለው አንዲት ነገር ናት፤ ገንዘቡ የሚቀመጠው በድርጅቱ መዝገብ ላይ እንደሆነና መልእክቱ ወረቀት ላይ እንደተጻፈ ወሬ ማንም ሊጽፈው የሚችል መሆኑ። ይህችን የተረዳ ሰው ነገ ማታለያው መልኩን ቢቀይርም አይሸወድም።

«መብራትና ኔትወርክ በሌለበት ስለ ግንዛቤ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ክርክራቸው ከባድ ነው፤ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. የ2024 ግምት እንደሚያሳየው በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ኢንተርኔት የሚጠቀመው ሕዝብ 27 በመቶ ብቻ ነበር። ነገር ግን በዓለም ላይ ኢንተርኔት ከማይጠቀሙት ሰዎች አብዛኞቹ የሚኖሩት የሞባይል ኢንተርኔት በሚደርስበት ቦታ ነው። የስልኩና የዳታው ዋጋ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው እንዴትና ለምን እንደሚጠቀሙበት አለማወቅ ነው። የኔትወርኩ ምሰሶ እስኪተከል ትምህርቱ ይቆይ ካልን፣ ምሰሶው ሲደርስ ሰዉ ባዶ እጁን ይጠብቀዋል። «ኢንተርኔት ትውልድ ያበላሻል፣ ይከልከል» ለሚሉትም ወላጆች መልሴ አጭር ነው፤ የተከለከለ ልጅ መግባቱ አይቀርም፣ የሚገባው ግን ማንንም ሳይጠይቅ ነው።

መረዳት ከአደጋ መጠበቂያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ዕትም ለፊደላችን እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ከዚያ በፊት በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ችግሩን የፈታው የኮምፒውተር ብዛት አይደለም፤ ኮምፒውተር ፊደልን በቁጥር እንደሚይዝ የገባቸው፣ ፊደሉንም የሚወዱ ሰዎች ናቸው። እነሱ ባይደክሙ ዛሬ በስልካችሁ «እንኳን ደስ አለህ» ብላችሁ በግእዝ ፊደል መጻፍ ባልቻላችሁ ነበር። ይሁንና የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲኖሩት የአማርኛው 20,000 እንኳ አልደረሰም። ይህ ቁጥር እኔን ያንገበግበኛል። ፊደሉ መንገዱን ካገኘ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ በመንገዱ የሚሄድ ዕውቀት ግን ገና አልጫንንበትም።

ታዲያ ግንዛቤ እንዴት ይመጣል? በፖስተርና በአንድ ቀን ዐውደ ጥናት እንደማይመጣ ጎረቤታችን ኬንያ ታሳየናለች። ኤምፔሳ የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2007 እዚያ ሲጀመር የብዙው ሰው ስልክ ተራ ስልክ ነበር። አገልግሎቱን ሰፈር ውስጥ ያደረሰው በየሱቁ የተቀመጠው ወኪል ነው፤ ደንበኛው ያልገባውን ፊት ለፊት፣ በሚሰማው ቋንቋ፣ ሳያፍር የሚጠይቀው ሰው ነበረው። በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ፣ በየወጣት ማዕከሉ፣ በየእድሩ እንዲህ ያለ ሰው ያስፈልገናል። ያ ሰው ከእናንተ የተሻለ ከየት ይመጣል?

ነገ ወደየቤታችሁ ትሄዳላችሁ። እናት ወይም ታናሽ እኅት «እስቲ ይቺን ሥራልኝ» ብላ ስልኳን ትዘረጋለች። አትቀበሏት። ስልኩ በእጇ እንዳለ አጠገቧ ቁጭ በሉ፤ ኮከብ 127 መሰላልን በራሷ ጣት ትጫን፣ የሚስጥር ቁጥሯን ስታስገባ ፊታችሁን አዙሩ፣ የመጣውን መልእክት ከማን እንደመጣ ጮክ ብላ ታንብብላችሁ። ከተሳሳተች እንደገና ትሞክር፤ ቡናው እስኪፈላ ጊዜ አለ።