የአፍ ድርቀት በቻይና ጠቢባን ዘንድ



ሰው በጤናው ዘመን ስለ ዓይኑ ብርሃንና ስለ ጉልበቱ ብርታት ፈጣሪውን ሲያመሰግን ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ስለ ምራቁ ግን የሚያመሰግን የለም። ሆኖም በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርሰው ይህ ፈሳሽ በጎደለ ጊዜ፥ ጉርሻው ከላንቃ ላይ ይጣበቃል፥ ቃልም ከአንደበት ለመውጣት ይቸገራል፥ ጥርስ ከድዱ ሥር መበስበስ ይጀምራል፥ እንቅልፍም እየተቆራረጠ ሌሊቱ ይረዝማል። የዛሬው ዲስኩሬ ዓላማ የቻይና ጥንታዊ ሕክምና ይህን ደዌ እንዴት እንደሚመረምረውና እንዴት እንደሚያክመው ማስረዳት ነው፤ ይህንንም መምረጤ፥ የዚያ ሕክምና ጥበቡም ጉድለቱም ትንሽ በሚመስለው በዚህ ሕመም ላይ ከሌላው ይልቅ ጎልቶ ስለሚታየኝ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት በመጨረሻዎቹ ሁለት ምዕተ ዓመታት ገደማ እንደ ተሰባሰበ የሚነገርለት «ሁዋንግ ዲ ኔይ ጂንግ»፥ ይኸውም የቢጫው ንጉሠ ነገሥት መጽሐፈ ሕክምና፥ ንጉሡ እየጠየቀ ጠቢቡ ቺ ቦ እየመለሰ የፈሳሽን ጉዞ በሰውነት ውስጥ ይተርካል። የምንጠጣው ውሃ በመጀመሪያ ወደ ጨጓራ ይገባል፤ ጣፊያ ረቂቁን ከፍ አድርጎ ወደ ሳንባ ይሰደዋል፤ ሳንባም ለመላው አካል ካካፈለው በኋላ የተረፈውን ወደ ፊኛ ያወርደዋል። ምራቅም በዚህ ሥርዓት ሁለት ወገን ነው፤ ቀጭኑና ወራጁ የጣፊያ፥ ወፍራሙ ደግሞ መስመሩ ሽቅብ ወጥቶ ከምላስ ሥር የሚደርሰው የኩላሊት ነው። የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፥ ከነፋስ፥ ከእሳት፥ ከውሃና ከመሬት እንደ ተፈጠረ ከሊቃውንታችን የተማረ አድማጭ፥ ቻይናውያን አምስት አድርገው፥ እንጨትን፥ እሳትን፥ መሬትን፥ ብረትንና ውሃን እንደሚቆጥሩና እያንዳንዱንም ለአንድ ብልት እንደሚሰጡ ቢሰማ ነገሩ እጅግ እንግዳ አይሆንበትም። ነገር ግን ጣፊያና ኩላሊት ሲሉ የዛሬ ሐኪም ሥጋውን ከፍቶ የሚያየውን ብልት ብቻ ሳይሆን፥ አንድን የሰውነት ግብርና ኃይል ጭምር እንደሚያመለክቱ ልብ ይሏል።

እንግዲህ ትምህርቱ ይህ ከሆነ የአፍ መድረቅ የውሃ ማነስ ብቻ ሊሆን አይችልም። ውሃው በእርግጥ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሳያልቅ መንገዱ ተዘግቶበት ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ከሥሩ እሳት የሌለው ድስት እንፋሎት ወደ ክዳኑ እንደማይልክ ሁሉ፥ ወደ ላይ የሚያነሣው ሙቀት ጠፍቶ ከታች ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ሕሙማን በአንድ ቃል «አፌ ደረቀ» ይላሉ፤ የሐኪሙ ጥበብ የሚፈተነው እነዚህን በመለየቱ ነው።

ስለዚህ የቻይና ሐኪም አፉ የደረቀበት ሰው ሲቀርበው ጥያቄው «በቀን ስንት ብርጭቆ ትጠጣለህ?» በሚል አያበቃም። መጠጣት ያምርሃል ወይስ አፍህ ደርቆ ሳለ ውሃ አያሰኝህም? ያሰኘህስ እንደ ሆነ ቀዝቃዛውን ነው ትኩሱን? ትጎነጫለህ ወይስ አፍህን አርሰህ ትተፋዋለህ? ሌሊት ይብስብሃል? ይህን ሁሉ በጥሞና ከጠየቀ በኋላ በሁለቱም እጆች የደም ሥር ይዳስሳል፥ ምላሱንም በቀን ብርሃን አስወጥቶ ያያል። ምላሱ ቀይና የቀጠነ፥ መካከሉ የተሰነጣጠቀ፥ በላዩም ልባስ የሌለው ልሙጥ ከሆነ፥ ሕመምተኛውም ጥቂት ጥቂት እየተጎነጨ መዳፉና ውስጥ እግሩ በማታ የሚያቃጥለው ከሆነ፥ «ዪን» የሚሉት የሰውነት ርጥበትና ቅዝቃዜ እንደ ጎደለ ይፈርዳል። ትኩሳቱ ከፍ ብሎ፥ ላብ እየወረደው፥ ቀዝቃዛ ውሃ ቢጠጣ ቢጠጣ የማይረካውን ግን ከነበልባላማ ሙቀት ወገን ቆጥሮ፥ «ሺ ጋዎ» የሚባለው የጄሶ ድንጋይ ያለበትን መድኃኒት ያዝለታል። ምላሱ ወደ ሰማያዊነት ያደላ፥ አፉንም ማርጠብ እንጂ መዋጥ የማይሻ ሰው ሲገጥመው ደሙ ረግቶ መንገድ እንደ ዘጋ ይረዳል፤ ለእርሱም የሚሰጠው ደምን የሚያንቀሳቅስ እንጂ የሚያረጥብ መድኃኒት አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ፥ በ200 ዓ.ም. ገደማ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ወደ ፊትም የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) በሃን መንግሥት ፍጻሜ ላይ የነበረው ጃንግ ጆንግጂንግ ያስተማረው ነው። የሚጠማ፥ ነገር ግን የጠጣውን ውሃ ወዲያው የሚያስመልስ፥ ሽንቱም ያነሰ ሰው ሲመጣ፥ ይህ ሊቅ የሚያዘው «ዉ ሊንግ ሳን» የተባለውን ባለ አምስት ቅመም ዱቄት ነው፤ በውስጡም በጥድ ሥር የሚበቅል እንጉዳይና የቀረፋ ወገን የሆነ ዛፍ ቅርንጫፍ ይገኛሉ። መድኃኒቱ ውሃን በሽንት የሚያስወጣ ነው! አፉ ለደረቀ ሰው ውሃ የሚያስወጣ መድኃኒት መስጠት ለተራ ሰው አእምሮ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ በእርሱ አስተሳሰብ ግን ከመካከል የተኛው ውሃ ካልተንቀሳቀሰ ወደ አፍ የሚወጣ ርጥበት የለም።

ይኸው ሊቅ የተወልን ሌላው መድኃኒት ግን ቀረብ ተብሎ ሊታይ ይገባዋል። ስሙ «ማይ መን ዶንግ ታንግ» ነው። ማይ መን ዶንግ ቅጠሉ ሣር የሚመስል ተክል ሲሆን፥ መድኃኒቱ ከሥሩ የሚወጣው ጫፍና ጫፉ የሾለ፥ ነጣ ያለ ትንሽ ፍሬ መሳይ ሥር ነው፤ ሲያኝኩት ይጣፍጣል፥ በጥርስም ላይ ይለጠጣል። ከዚህ ሰባት ስፍር ይወሰድና «ባን ሺያ» ከተባለው ሥር አንድ ስፍር ብቻ ይጨመርበታል፤ ከዚያም ጂንሰንግ፥ «ጋን ጻዎ» የሚባል ጣፋጭ ሥር፥ ሩዝ፥ እንዲሁም የቁርቁራ ወገን ከሆነው ቀይ ፍሬ 12 ይገባበታል። በ12 ስፍር ውሃ ተጥዶ ስድስት እስኪቀር ይፈላል፤ ሕመምተኛውም ለብ እንዳለ ቀን ሦስት ጊዜ ሌሊት አንድ ጊዜ አንዳንድ ስፍር ይጠጣል። ባን ሺያ የሚያደርቅ ጠባይ ያለው፥ ጥሬውም መርዝ የሆነ ነው፤ ታዲያ በማርጠቢያ መድኃኒት ውስጥ ምን ይሠራል? ሊቃውንቱ እንደሚያስረዱት የሚያረጥበው ሥር ወፍራምና ከባድ ስለ ሆነ ብቻውን ቢሰጥ ጨጓራን ያደክማል፥ አክታም ያበዛል፤ ያ አንዱ እጅ ደረቅ፥ ሰባቱን እጅ ርጥብ እንዲንቀሳቀስ ያደርገዋል። በዚህ ልኬት ውስጥ የብዙ ዘመን ጥንቃቄ ይታየኛል።

ከእርሱ በኋላ የተነሡትን ሁሉ መዘርዘር ጊዜ አይበቃውም። በ12ኛው ምዕተ ዓመት ልዩ ዋንሱ ድርቀትን ከበሽታ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ አጸና፤ ጁ ዳንሺ (1281–1358) የሰው ልጅ ዪን ዘወትር ወደ ጉድለት ያዘነብላል ብሎ አስተማረ፤ ዉ ጁቶንግም በ1798 በጻፈው መጽሐፍ፥ ትኩሳት ርጥበቱን ለጨረሰበት ሰው ከፒር ፍሬ፥ ከሸምበቆ ሥር፥ ከሎተስ ሥርና ከመሳሰሉት የተጨመቀ የአምስት ጭማቂ መጠጥ አዘዘ። የሰሜን ቻይና መጸው አየሩ እጅግ ደረቅ ነውና፥ ፒርን ከስኳር ጋር ቀቅሎ መጠጣት እስከ ዛሬ የየቤቱ ልማድ ነው።

ሰውነትን በቀጭን መርፌ እየወጉ ስለ ማከሙም ደግሞ ጥቂት ልበል። ለአፍ ድርቀት ከሚወጉት ቦታዎች አንዱ ከአገጭ በታች ከማንቁርት በላይ፥ አንዱ ከውስጥ ቁርጭምጭሚት በስተኋላ፥ አንዱም ከዚያው ቁርጭምጭሚት አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ይህ መርፌ የተፈተነበትን አንድ ሁኔታ ልጥቀስ፤ በደቡብ ቻይና በጓንግዶንግ የአፍንጫና የጉሮሮ መገናኛ ነቀርሳ ይበዛል፤ ነቀርሳውን የሚያቃጥለው ጨረር የምራቅ ዕጢዎችንም አብሮ ስለሚጎዳ፥ ከሞት ያመለጠው ሰው ብዙ ጊዜ አፉ እንደ ደረቀ ይኖራል። በሻንጋይና በአሜሪካ በሂውስተን በሚገኙ ሁለት የነቀርሳ ሆስፒታሎች፥ በጨረር ሕክምና ላይ ባሉ 399 ሕሙማን የተደረገውና በ2019 የታተመው ምርመራ እንዳሳየው፥ በእውነተኛው መርፌ የታከሙት ከዓመት በኋላ የአፋቸው ድርቀት የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ካገኙት ያነሰ ነበር። ሆኖም እውነተኛው መርፌ ለማወዳደሪያ ከተሰጠው የማስመሰያ መርፌ በግልጽ በልጦ የታየው በሻንጋይ ነው፤ በሂውስተን ግን እንደዚያ አልሆነም። ይህን ልዩነት ሳይናገሩ የመጀመሪያውን ብቻ ማወጅ ለሕሙማን ታማኝነት አይደለም።

እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው፤ አንድ ቅሬታ ተቃራኒ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል ያወቀና ስለዚህም በትዕግሥት የሚጠይቅ ሕክምና ሊከበር ይገባዋል። በ752 ዋንግ ታዎ ያሰባሰበው መጽሐፍ፥ ጥማቱ የማያባራ ሰው ሽንቱ እንደሚጣፍጥ መዝግቧል፤ ይህ ዛሬ የስኳር በሽታ የምንለው ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን ያልነበሩ ምክንያቶች ዛሬ ተጨምረዋል፤ ለደም ግፊት፥ ለአለርጂና ለጭንቀት ከሚሰጡ እንክብሎች ብዙዎቹ አፍን ያደርቃሉ፤ ይህንንም የምላስ ልባስ አይናገርም። ቅጠልና ሥር መሆኑም ብቻውን ከጉዳት አያድንም፤ ጋን ጻዎ ሲበዛ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፥ በ1990ዎቹ መጀመሪያም በቤልጅግ ለመክሳት ተብሎ በስሕተት የተሰጠ የቻይና ሥር የብዙ ሴቶችን ኩላሊት አጥፍቷል።

ከ1974 ጀምሮ ከሄናን ክፍለ ሀገር የቻይና ሐኪሞች ወደ አገራችን ስለሚላኩ፥ መርፌው ለእኛም ሩቅ አይደለም። ስለዚህ አፉ የደረቀበት ወገኔን የምለምነው ይህን ነው፤ ጥማት ከሽንት ብዛት ጋር ከመጣብህ በመጀመሪያ የደምህን ስኳር አስለካ፤ የምትወስዳቸውንም እንክብሎች ሁሉ ለሐኪምህ አሳየው፥ እርሱን ሳታማክር ግን አንዱንም አታቋርጥ። ከዚያ በኋላ ወደ ቻይናው ሐኪም ብትሄድ የምትወስደውን አንዱንም አትደብቀው፤ በዚያም ጠዋት ቡና ጠጥተህ ምላስህን ሳታጠቁር፥ ልባሱንም ሳትፍቅ ቅረበው።