ከመስጠታችን በፊት
(በኮልፌ ቀራንዮ፣ በዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል እርዳታ እንስጥ ስንል፣ አንዲት እናት «ገንዘቡ የት እንደሚገባ በምን እናውቃለን?» አሉን። ልክ ናቸው። ከጡረተኛና ከጉልት ቸርቻሪ በየወሩ የተለቀመ ገንዘብ ነው።

ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1951 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው፣ ሆስፒታሉን በ1967 ዓ.ም. ከፈቱ። ሕክምናው በነጻ ነው፤ እስከ ዛሬ ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል። ከታካሚ የማይገኘው ገንዘብ እንግዲህ ከለጋሽ መምጣት አለበት።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ስለዚህ በቅድሚያ የኦዲት ሪፖርቱን እንይ። ግን መቶኛ ብቻውን አያጠግብም። የቀዶ ሐኪም ደመወዝ፣ ደመወዝ ስለተባለ ብክነት ነው እንዴ? ይልቅስ ስንቷ ድና ወጣች፣ ስንቷስ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ሽንቷን መቆጣጠር አቃታት? ይህ ነው መጠየቅ ያለበት።

በ2000 ዓ.ም. የተከፈተው የአዋላጆች ኮሌጅስ? ፊስቱላ የሚመጣው ምጥ ሲራዘምና ደራሽ ሲጠፋ ነው፤ ጥሩ አዋላጅ ያለችበት ቀበሌ ታካሚ አይልክም። በታካሚ ቁጥር ብቻ የሚመዝን ለጋሽ፣ ቁጥሩ ሲቀንስ ሥራው የደከመ ይመስለዋል።

ሁለት አባላት ሄደው ሪፖርቱን ይጠይቁልን፤ ድምፅ የምንሰጠው ካነበብነው በኋላ ይሁን።