አኃዙን ማን ለካው?



በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ጥናት እንድናቀርብ አዝዟል፤ ለጥናቱ የሚታመን አኃዝ ማግኘት ግን የእኛ የባለሙያዎቹ ፈንታ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት ትንሽ ከተማ ወንዝ ዳር ለታቀደ ገበያ ጥናት ሳዘጋጅ፣ በከተማይቱ የዝናብ መለኪያ ስላልነበረ፣ ከተራራው ማዶ የሚገኝ ጣቢያ የመዘገበውን ወሰድሁ። ሠንጠረዡ የተሟላ በመሆኑ አልተጠራጠርሁም። ይሁን እንጂ ደጋውና ቆላው በጥቂት ኪሎ ሜትር በሚለያዩበት አገር የአንዱ ዝናብ ለሌላው ምስክር አይሆንም።

ረቂቁን ለነዋሪዎች ባቀረብሁ ጊዜ አንድ አዛውንት ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ውሃው እስከዚህ ደርሶ ነበር» ሲሉ የዋርካውን ግንድ አሳዩኝ። ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች ለየብቻ ቢጠየቁ ያንኑ ምልክት አመለከቱ። ከፍታው ሲለካ እኔ ካሰመርሁት የጎርፍ ወሰን ከአንድ ሜትር በላይ በለጠ፤ የገበያውም ቦታ ተለወጠ።

የሕዝብ ቁጥርም ከዚህ አይለይም፤ የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የምንጽፈው ትንበያ ነው።

ስለዚህ በየአኃዙ ጎን ማን፣ መቼና የት እንደለካው ይጻፍ፤ የተገመተውም ከተለካው ይለይ። ያልተለካውን አልተለካም ማለት ነውር አይደለም።