ትናንሽ አውሮፕላኖች መንገዳቸውን የሚያገኙበት ካርታ፦ ከወረቀት ወደ ታብሌት




በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ የሚገኘው ጃን ሜዳ የጥምቀት በዓል የሚከበርበት፣ የፈረስ ጉግስና የሩጫ ውድድር የሚታይበት ሥፍራ መሆኑን የማያውቅ የለም። ይኸው ሜዳ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ለአውሮፕላን ማረፊያነት ማገልገሉን የሚያስታውሱት ግን ጥቂቶች ናቸው። ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ አውሮፕላን አንድሬ ማዬ በተባለ አብራሪ እየተመራ አዲስ አበባ የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የአብራሪነት ፈተናቸውን አልፈው በራሳቸው ለመብረር በቁ።

የዚያ ዘመን አብራሪ በፊቱ የነበረው ኮምፓስ፣ የከፍታ መለኪያና ሰዓት ነው። ካርታ ቢኖረውም አብዛኛው ክፍል ባዶ ነበር። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከማናቸውም ወረቀት የተሻለ መሪ ሲሆን፣ ሐዲድ በሌለበት አቅጣጫ የሚመሩት ወንዞች፣ ሐይቆችና የተራራ ሰንሰለቶች ነበሩ። ዛሬ በትንሽ አውሮፕላን የሚበር ሰው በጉልበቱ ላይ ታብሌት አስቀምጦ፣ በመስታወቱ ላይ የራሱን አውሮፕላን ምስል በካርታው ውስጥ ሲንቀሳቀስ ያያል። ለውጡ ታላቅ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ከመስታወቱ ሥር ያለው ካርታ ማን የሠራው፣ መቼ የተቀየሰ፣ ማንስ የሚያርመው ነው የሚለው ጥያቄ ለመሐንዲስም ሆነ ለቀያሽ ከመሣሪያው አዲስነት ይልቅ የቀረበ ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይም ይኸው ጥያቄ ነው።

ከጉለሌ ሳይወጡ ነገሩን በቁጥር መመልከት ይቻላል። የቦሌ ማኮብኮቢያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። ወደ ሰሜን የሚነሣ አውሮፕላን ገና ከከተማው ሳይርቅ ከጉለሌ ራስጌ የእንጦጦ ተራራ ይጠብቀዋል፤ የተራራው ከፍታ 3200 ሜትር ያህል ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ መሠረት፣ በተራራማ አገር በመሣሪያ እየተመራ የሚበር አውሮፕላን በ8 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ካለው ከፍተኛ መሰናክል ቢያንስ 600 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። እንግዲህ እንጦጦን በደመና ውስጥ ለማለፍ 3800 ሜትር ያስፈልጋል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የታብሌቱን መግለጫ እንይ። በአብራሪዎች ዘንድ በብዛት የተለመደው አይፓድ፣ ሠሪው ኩባንያ በጻፈው መሠረት ሥራ ላይ የሚውለው እስከ 3000 ሜትር ከፍታ፣ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። የጓዳው አየር ግፊት በማይጠበቅለት ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ያለ ታብሌት እንጦጦን ሲሻገር ከመግለጫው ውጭ ሆኗል ማለት ነው። በእርግጥ መሣሪያው በ3001ኛው ሜትር ላይ ይቆማል ማለት አይደለም፤ ከዚያ እጅግ በላቀ ከፍታ ተፈትኖ የሠራበት ማስረጃ አለ። ነገር ግን አየሩ በሳሳ ቁጥር ሙቀትን ከመሣሪያው ላይ የመውሰድ ኃይሉ ይቀንሳል፤ በ3800 ሜትር የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። በዚህ ላይ የደጋው ፀሐይ በመስታወቱ ላይ በቀጥታ ሲያርፍበት ታብሌቱ ራሱን ከሙቀት ለመጠበቅ ሥራውን ያቆማል። በጎዴ ወይም በጋምቤላ ቆላ ደግሞ አውሮፕላኑ ገና ሳይነሣ የ35 ዲግሪው ወሰን ይታለፋል። የወረቀት ካርታ እንዲህ ያለ ወሰን የለበትም። ጠላቱ ነፋስና የፈሰሰ ቡና ነው።

ይህ ሲባል የታብሌቱን ጥቅም ለማሳነስ አይደለም። ኤልሪ ጄፕሰን የተባለ አሜሪካዊ የፖስታ አብራሪ በ1930 (እ.ኤ.አ.) የማረፊያ ሜዳዎችን ስፋት፣ የኮረብታዎችንና የመሰናክሎችን ከፍታ በትንሽ ደብተር መመዝገብ ከጀመረ ወዲህ፣ ደብተሩ አድጎ ብዙ ኪሎ የሚመዝን የአብራሪ ቦርሳ ሆነ። ዓለም አቀፉ ልማድ የአየር ጉዞ መረጃ በየ28 ቀኑ እንዲታደስ ስለሆነ፣ አብራሪው አሮጌውን ገጽ እየነቀለ አዲሱን ሲተካ ሰዓታት ያጠፋ ነበር። አይፓድ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ቀርቦ በዓመቱ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን በወረቀት ካርታ ፈንታ እንዲሠራበት ለአንድ ኩባንያ ሲፈቅድ፣ ይህ ሁሉ ሸክም በአንድ ጊዜ ቀለለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ታብሌቱ «የት ነኝ?» የሚለውን ጥያቄ ይመልሳል። በወረቀት ካርታ የሚበር ሰው ይህን መልስ የሚያገኘው ሰዓቱን፣ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን አስልቶ፣ በመስኮት የሚያየውን ወንዝ በወረቀቱ ላይ ካለው ወንዝ ጋር አስተያይቶ ነው። ክረምት በገባ ጊዜ፣ ደመናው ሸለቆውን በሞላበት ሰዓት፣ ይህ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

ይሁንና ሚያዝያ 28 ቀን 2015 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካን አየር መንገድ በአሥር የሚቆጠሩ በረራዎች አንድ የካርታ ፕሮግራም በአብራሪዎቹ ታብሌት ላይ በመዝጋቱ ዘግይተዋል። ምክንያቱ የአንድ የአውሮፕላን ጣቢያ ካርታ በፕሮግራሙ ውስጥ ሁለት ጊዜ መግባቱ ነበር። እነዚያ አብራሪዎች መሬት ላይ ነበሩና ፕሮግራሙን እንደገና ጭነው ጉዟቸውን ቀጠሉ። በሣር ሜዳ ላይ አርፎ የኢንተርኔት መስመር ለሌለው የአንድ ሞተር አውሮፕላን አብራሪ ይህ መፍትሔ አይሆንም።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በታብሌት ላይ ስለ ኢትዮጵያ የሚታየው ካርታ ከየት መጣ? የአገሪቱ ዘመናዊ የቅየሳ መረብ በዋናነት የተዘረጋው በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። መጀመሪያ ለዓባይ ተፋሰስ ጥናት ሲባል የመቆጣጠሪያ ነጥቦች ተተከሉ፤ መነሻቸውም በሱዳን ሰሜን ጫፍ፣ በኑቢያ የሚገኘው አዲንዳን የተባለው ነጥብ ነበር። ከዚያ በኋላ ከ1963 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኢትዮጵያ የካርታ ባለሙያዎች ከአሜሪካ ጦር የካርታ ክፍል ጋር ሆነው በአገሪቱ ሰፊ ቅየሳ አካሄዱ። በዚያ ሥራ የተሳተፉ ኢትዮጵያውያን ቀያሾች በእግርና በበቅሎ፣ አንዳንዴም በሄሊኮፕተር ወደ ተራራ ጫፍ እየወጡ የለኩት ልክ ዛሬም የብዙ ካርታዎች መሠረት ነው። ስማቸው በካርታው ጠርዝ ላይ አለመጻፉ የሚያሳዝን ነው።

የጂፒኤስ መቀበያ ግን በአዲንዳን አይለካም፤ የሚለካው ለመላው ዓለም በወጣ ሌላ መነሻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአገራችን ከ100 ሜትር ይበልጣል። አሮጌ ካርታ በስካነር ተነሥቶ፣ ልዩነቱ ሳይስተካከል ወደ ታብሌት ቢገባ፣ አውሮፕላኑ በመስታወቱ ላይ ከእውነተኛው ቦታ ወዲያ ወይም ወዲህ ተዛውሮ ይታያል። ይህ ለአብራሪ ያን ያህል ያሰጋል? 1፡1,000,000 ስኬል ባለው የአየር ካርታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ስሕተቱ ከእርሳስ መስመር ውፍረት ያንሳል። በወረቀት የሚሠራ ሰው ካርታው ከዚያ በላይ እንደማያውቅ ያውቃል። ታብሌቱ ላይ ግን ጣት ሲዘረጋ ካርታው ይሰፋል፤ ምስሉ ይሰፋል እንጂ ዕውቀቱ አይጨምርም። አብራሪው በደመና ሥር ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ፣ ለአገር አቋራጭ ጉዞ የተሣለውን ካርታ የመንደር ካርታ አስመስሎ ቢያምነው፣ ያ 100 ሜትር የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ከፍታን በሚመለከትም ተመሳሳይ ነገር አለ። ተራራ ሲቀርብ በቀይ ቀለም የሚያስጠነቅቁት የታብሌት ፕሮግራሞች በብዛት የሚጠቀሙበት የመሬት ከፍታ መረጃ፣ ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በየካቲት 2000 (እ.ኤ.አ.) በ11 ቀናት ውስጥ በራዳር ከሰበሰበችው የመነጨ ነው። ድንቅ ሥራ ነበር። ሆኖም ራዳር ከጎን ስለሚያይ ገደል በበዛበት ሥፍራ የማይደርስበት ጥላ ይቀራል፤ ክፍተቱም በኋላ በግምትና በሌላ መረጃ የተሞላ ነው። የዓባይን፣ የጀማንና የሙገርን ሸለቆዎች የሚያውቅ ሰው ይህ ለአገራችን ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

የመሬቱ መልክ ራሱ ደግሞ ባለበት አልቆመም። ለትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ከሐይቅ የበለጠ ምልክት የለም፤ ከሩቅ ያበራል፣ ቅርጹም አያሳስትም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፎቶግራፎች ላይ የመተሐራው የበሰቃ ሐይቅ ትንሽ ኩሬ ነበር፤ ዛሬ የምድር ባቡሩንና የአውራ ጎዳናውን መስመር እስከ ማስቀየር የደረሰ ሰፊ ውሃ ነው። በአንጻሩ የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ገደማ ደርቆ ቆየ፤ በአሮጌው ካርታ ላይ ሰማያዊ የነበረው ሥፍራ ከላይ ሲታይ የከብት መሰማሪያ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ውሃ መልሶ ይዟል። ከሁሉ የሚበልጠው በጉባ የተፈጠረው ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሲሆን፣ ሐይቁ ሲሞላ ወደ 1874 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ይህም የጣናን ግማሽ ይበልጣል። አሮጌው የአየር ካርታ ግን በዚያ ሥፍራ ቀጭን የዓባይን መስመር ብቻ ያሳያል። በ2000 (እ.ኤ.አ.) የተለካው የከፍታ መረጃ ካልታረመ ደግሞ ስሕተቱ ይብሳል፤ በግድቡ አቅራቢያ የውሃው ወለል መረጃው «መሬት» ከሚለው ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሏልና። ከግድቡ ወደ ሆለታ የተዘረጋው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርና በየኮረብታው የተተከሉት የስልክ ማማዎችም እንደዚሁ ካርታውን ቀድመውታል። እንግዲህ አሮጌ ካርታ በአዲስ መስታወት ውስጥ ሲገባ አዲስ ይመስላል፤ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ይነበብ የነበረው የኅትመት ዓመትም ከዓይን ይሰወራል።

ስለ ኮምፓስ በአጭሩ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ከጃን ሜዳ ብዙ በማይርቀው በአራት ኪሎ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። በዚህ ምክንያት የኮምፓስ መርፌ እዚህ አገር ወደ መሬት አያዘነብልም፤ አውሮፓ የተማረ አብራሪ አውሮፕላኑን ሲያዞር የሚጠብቀው የኮምፓስ ስሕተት እዚህ ከሞላ ጎደል የለም። ጂፒኤስ ሆን ተብሎ በሚታወክበት በአሁኑ ዘመን ይህ ተራ መሣሪያ በኢትዮጵያ ሰማይ ከሌላው ዓለም ይልቅ ታማኝ መሆኑ ቀላል ጸጋ አይደለም።

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. አንድ ትዊን ኦተር አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ወደ ነበረው የፉኚዶ የስደተኞች ሠፈር ይበር ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድን ጨምሮ 16 ሰዎች ተሳፍረውበት ነበር። ወሩ የዝናብ ወር፣ መንገዱም ደን የለበሰ ተራራ ነው። አውሮፕላኑ ሳይደርስ ቀረ፤ ከተራራ ጎን ተጋጭቶ፣ የተረፈ ሰው ሳይኖር፣ ስብርባሪው የተገኘው ከስድስት ቀን ፍለጋ በኋላ ነው። በፍለጋው የኢትዮጵያና የአሜሪካ አውሮፕላኖች ተሠማርተው ነበር።

የዚህን አደጋ ታሪክ የሚያነብ መሐንዲስ ከመሣሪያው ይልቅ ስለ መስመሩ ሊያስብ ይገባል። በወረቀት ካርታ ላይ ጉዞውን የሚያዘጋጅ አብራሪ መነሻና መድረሻውን በእርሳስ ያገናኛል፤ እጁ በመስመሩ ላይ ሲሄድ እያንዳንዱን አራት ማዕዘን ያልፋል፤ በእያንዳንዱም ውስጥ በጉልህ የተጻፈውን የከፍተኛ መሬት ቁጥር ያነባል። ታብሌቱ ይህን መስመር በሁለት ሰከንድ ይሥላል፤ ሰውየው ግን ቁጥሩን ሳያነብ መነሣት ይችላል። በተጨማሪም የእርሳሱ መስመር ግልባጭ መሬት ላይ ከቀረ፣ ፈላጊዎች የሚጀምሩበትን ያውቃሉ። በታብሌቱ ውስጥ ብቻ ያለ መስመር ከአውሮፕላኑ ጋር አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ በትናንሽ አውሮፕላኖች የሚሠሩ ድርጅቶች ታብሌት ቢጠቀሙ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛ ታብሌት በተለየ የኤሌክትሪክ ምንጭ፣ ዓመቱ የታወቀ የወረቀት ካርታ፣ መሬት ላይ የሚቀር የመስመር ግልባጭም ሊኖራቸው ያስፈልጋል።

ካርታውን የማረም ሥራ ግን የአብራሪው አይደለም። ከጉለሌ በላይ በእንጦጦ ጫፍ የሥነ ፈለክ መመልከቻ ጣቢያ አለ፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደ ጠፈር የተላከችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መረጃ ለመቀበል የተሠራው ጣቢያም በዚያው ነው። ይህ ተቋምና የቀድሞው የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በአንድ ኢንስቲትዩት ሥር ተጠቃለዋል። ስለዚህ የሐይቆቹን አዲስ ዳርቻ፣ የመስመሮቹንና የማማዎቹን ሥፍራ ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በየጊዜው ማስተላለፍ የሚያስችለው ዕውቀት አገር ውስጥ አለ።

የማኅበሩ አባላት ድርሻ ከዚህም የቀረበ ነው። በየወረዳው ለመንገድ፣ ለመስኖና ለመብራት መስመር የሚሠማሩ ቀያሾች አስተማማኝ የጂፒኤስ መሣሪያ ይዘው ይሄዳሉ። በመንገዳቸው የሣር ማረፊያ ሜዳ ሲያገኙ የሁለቱን ጫፎች መገኛና ከፍታ፣ የሜዳውን ርዝመትና ዝንባሌ፣ በዳርቻው የበቀለውን ዛፍ ወይም የተተከለውን ምሰሶ ለክተው፣ የለኩበትን ቀንና የተጠቀሙበትን መነሻ ጽፈው ለባለሥልጣኑ ቢልኩ፣ ሥራው ለአንድ ሜዳ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። መነሻውን መጻፍ ግን አይረሳ፤ አዲንዳን ይሁን ዓለም አቀፉ ካልተገለጸ፣ ተቀባዩ የ100 ሜትሩን ስሕተት መልሶ ያስገባዋል።