ስንት ዓይነት አበባ አለን?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ሠራተኛዋ የቀረበ ንግግር)



የሒሳቡን ሪፖርት ጠዋት ሰምታችኋል፤ አሁን የምናገረው ስለ አበባ ነው። «ሒሳብ ሠራተኛን አበባ ምን አገባት?» የምትሉ አትጠፉም። ያገባኝ በቅጽ በኩል ነው። በየሩብ ዓመቱ ለደጋፊዎቻችን በምሞላው ቅጽ ላይ «የተተከለ ችግኝ ብዛት» የሚል ዓምድ አለ። «የጸደቀ ብዛት» የሚልም አለ። «ስንት ዓይነት» የሚል ግን የለም። ስለዚህ አንድ ሺህ ዲከረንስ ብንተክልም፣ አንድ ሺህ ልዩ ልዩ ዛፍ ብንተክልም ወረቀቱ ላይ እኩል ነው። መሬቱ ላይ እኩል እንዳልሆነ ግን ሁላችሁም አይታችኋል።

ዲከረንስን ለመውቀስ አልተነሣሁም። ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ዛፍ ቢሆንም ለአዊ ሰው ብዙ ሠርቷል። በአራትና በአምስት ዓመት ለከሰል ይደርሳል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከሥሩ ጤፍ ይዘራበታል፤ የደከመ መሬትም አገግሞበታል። ከፋግታ ለኮማ እስከ እኛ ጓጉሳ ሽኩዳድ ድረስ በከሰሉ ቆርቆሮ ቤት የሠራ፣ ልጁን ያስተማረ ስንት ሰው አለ። ሲያብብ ደግሞ ጋራው ሁሉ ቢጫ ነበር፤ ያንን ማን ይረሳል? በኋላ ስንዴ ላይ ዋግ እንደምንለው ያለ የፈንገስ በሽታ ገባበት። ዘሩ አንድ ስለነበር በሽታው ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ሲያልፍ የሚያቆመው አልነበረም። የእኛም የጋራ ቦታ ያው እንደምታዩት ደርቆ ቆሟል። ዛሬ ከሻይ በኋላ ምን እንትከልበት ብለን ድምፅ እንሰጣለን። እኔ ከድምፁ በፊት የምለው አለኝ።

ቀፎ ያላችሁ አባላት የንብን ዓመት ታውቁታላችሁ። ነሐሴ ላይ ባቄላው ያብባል። መስከረም ሲጠባ አደይና መጭ ይፈነዳሉ፤ ጥቅምት ላይ ኑጉ ይከተላል፤ ዋናውን ማር የምንቆርጠውም ያን ጊዜ ነው። ታኅሣሥና ጥር ግራዋው በየአጥሩ ነጭ ይለብሳል። የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል ብሳና ይመጣል። ይህ እንደ ደመወዝ በየተራ የሚገባ ገቢ ነው። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ባለበት ጋራ ላይ ግን ንብ በዓመት አንድ ጊዜ ትበላለች። ያውም ዲከረንስ የሚሰጣት ብናኝ ነው፤ አበባው ወለላ የለውም። በባዶዎቹ ወራት በሶና ስኳር እየገዛን የምንቀልበው ለዚህ ነው፤ ደረሰኙ እኔ ዘንድ አለ።

አደይን ካነሣን አይቀር አንዴ ቀጥፋችሁ ከቅርብ እዩት። አንድ አበባ የሚመስለን አንድ አበባ አይደለም። ዙሪያውን የከበቡት ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበባዎች ናቸው፤ ሥራቸው ንብን መጥራት ነው። መካከሉ ላይ እንደ ፍርፋሪ የታጨቁት ጥቃቅኖቹም አበባዎች ናቸው፤ ዘር የሚይዙት እነሱ ናቸው። ሱፍም፣ ኑግም፣ መጭም እንዲሁ ናቸው፤ ግራዋ ሳይቀር የዚሁ ቤተሰብ ነው። እኛ እንግዲህ መጭን አረም ብለን እንነቅለዋለን፤ ዘይቱን የምንጨምቀው ኑግ ግን ከመጭ ወገን ወጥቶ እዚሁ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የለመደ ሰብል እንደሆነ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ኑግ ሌላም ጠባይ አለው፤ የራሱን ብናኝ አይቀበልም። ከሌላ ኑግ ብናኝ የሚያመጣለት ንብ ከሌለ እንዲያው ያብብና ፍሬው ገለባ ይሆናል። ስለዚህ የማር ነገር የዘይትም ነገር ነው።

የማያምር አበባም አለ፤ እሱም ይቆጠር። ጤፍ ያብባል፤ ማንን ሊጠራ ይዋብ? የእሱ ጉዳይ በራሱና በነፋስ ያልቃል። የበቆሎ ጺም ብለን የምንጥለው እያንዳንዱ ክር የአንዲት ፍሬ መንገድ ነው፤ ብናኝ ያልደረሰው ክር ካለ እሸቱ ሲላጥ ጥርሱ ወላቃ ሆኖ የምናገኘው ለዚህ ነው። ኮርችን ደግሞ እዩት። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ደም የመሰለ አበባ ብቻ ይሸከማል። ቀይ ቀለም ለንብ ዓይን እምብዛም አይታይም፤ ኮርች የሚጠራው ወፎችን ነው። አጥር አድርገን የምንንቀው ይህ ዛፍ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ አይበቅልም።

ኮሶ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጎረቤታችን እንጅባራን ሽማግሌዎች ዛሬም ኮሶ በር ይሏታል። ስሙ ቀርቷል፤ ዛፉን ግን ከዚህ እስከዚያ ባለው መንገድ ላይ ቁጠሩትና ንገሩኝ። የኮሶ ዛፍ ወንድና ሴት አለው። ሴቴዋ ቀላ ያለ ዘለላ ታወርዳለች፤ እናቶቻችን አድርቀው እየፈጩ ለትል መድኃኒት ያደርጉት የነበረው የእሷን አበባ ነው። (ጠጡት ማለቴ አይደለም፤ ሲበዛ ይጎዳል፣ ዛሬ ጤና ጣቢያ አለ።) አንድ ሰው ደጁ ላይ አንዲት ኮሶ አስቀርቶ ሌላውን ሁሉ ቢቆርጥ ዛፍ አለኝ ይበል እንጂ ዘር የለውም። በምደባ ደግሞ ኮሶ ከጽጌረዳ ቤተሰብ ነው፤ የእኛው እሾሃም ቀጋም እንደዚያው። እንዲያውም ቀጋ ራሱ ጽጌረዳ ነው፤ በአበባ እርሻ ከሚለማው፣ በአውሮፕላን ከሚላከው ጋር የአንድ አያት ልጆች ናቸው።

ይህ ሁሉ የአንድ ቀበሌ አበባ ነው። በዓለም ላይ የሚያብቡ ዕፅዋት ዓይነት ከ300,000 በላይ ነው። የአገራችንን ዕፅዋት ቆጥሮ ለመመዝገብ እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረው ሥራ በ2009 ሲጠናቀቅ ወደ ሠላሳ ዓመት ፈጅቷል፤ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የደከሙበት ነው። ወደ 6,000 የሚጠጋ ዓይነት ተመዝግቧል፤ ከዚያ ውስጥ ከአሥሩ አንዱ ያህል በሌላ አገር የማይገኝ ነው። እኔ በሒሳብ ሠራተኛነቴ ሠላሳ ዓመት የፈጀ መዝገብ ሳይ ባርኔጣ ባይኖረኝም ሻሼን አነሣለሁ።

ወደ ድምፁ ልመለስ። ቦታውን በሙሉ ባሕር ዛፍ እናድርገው የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ያቀረቡት እህቶች ምክንያት አላቸው፤ የብድር መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝና ከእናንተ ውስጥ ማን በሦስት ማን በአምስት ዓመት ገንዘብ እንደሚያስፈልጋት አውቃለሁ። ኮሶ በአምስት ዓመት አጣና አይሆንም። ስለዚህ ባሕር ዛፉ ይቅር አልልም፤ ከግማሽ አይለፍ ነው የምለው። ከምንጩ ራቅ ብሎ ላይኛው ግማሽ ለባሕር ዛፍ ይሁን። ወደ ምንጩ ያለው ግማሽ ኮሶ፣ ብሳና፣ ግራዋና ኮርች ይግባበት፤ እስኪያድጉ ድረስ በመካከላቸው ግብጦና ኑግ እየዘራን እናጭዳለን። ግብጦ አፈር እንደሚያድስ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ሰማያዊ ቢጤው አበባውም ለንብ ይሆናል። ከኑጉ የሚገኘው ለችግኙ ጥበቃ ወጪ ይውላል። ስሌቱን ሠርቼ ለኮሚቴው ሰጥቻለሁ።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ቅጽ ላይ «የችግኝ ዓይነት ብዛት» የሚል ዓምድ ይጨመርልን። እንዲህ ከሆነ የችግኙ ጠቅላላ ቁጥር ከአምናው ሊያንስ ይችላል፤ የአገር ዛፍ ማፍላት ጊዜ ይወስዳል፣ ይደርቃልም። ቁጥሩ ሲያንስ ድጋፉ እንዳይቀንስ ከአሁኑ እንድንነጋገር ነው የምጠይቀው።

የኮሶ ዘር ከሁለቱም ጾታ ካለበት ቦታ እንዲለቀም እጃችሁን ያወጣችሁ ሦስት እህቶች ስማችሁን ይዣለሁ። የእነዚህን ዕፅዋት የአገውኛ ስም የምታውቁ እናቶቼ ደግሞ ሻይ ስትጠጡ ወደ እኔ ጠረጴዛ ጠጋ በሉ፤ ደብተር ይዣለሁ፣ እጽፋለሁ።